የባሕራዋ ጀርቡዕ፣ ሃምሳ አራት ግራም

ከመካ የተመለሰ ሰው የሚጠየቀው ነገር ይታወቃል። ካዕባን ስታየው ምን ተሰማህ? ዘምዘም ይዘህ መጣህ? ዱዓ አደረግክልን? ሁሉንም እንደ አቅሜ መልሻለሁ፤ ዘምዘሙም በየቤቱ ደርሷል። በእነዚያ አራት ቀኖች ከሁሉ በላይ ልቤን ስለያዘው ነገር ግን የጠየቀኝ የለም። ነገሩ ስለ አንዲት የበረሃ እንስሳ ነው። ክብደቷ ሃምሳ አራት ግራም ነበር። በእጄ ስለመዘንኳት አውቃለሁ።

አንባቢ እንዳይስቅብኝ ሥራዬን ላስቀድም። ሐሰን እባላለሁ፤ ትውልዴ ወሎ፣ ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ናሙና ክፍል ቴክኒሻን ነበርኩ። ከየተራራውና ከየቆላው ተጠምደው የሚመጡ አይጦችን እመዝናለሁ፣ እለካለሁ፣ ቆዳቸውን ገፍፌ ጥጥ እሞላለሁ፣ እግራቸው ላይ ቁጥር አስራለሁ። አካል፣ ጭራ፣ የኋላ እግር፣ ጆሮ፤ ከዚያ ክብደት። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። የሰፈር ልጆች «አይጦ» ሲሉኝ ዞር ብዬም አላይ። በእጄ ስንት ሺህ እንዳለፈ አልቆጠርኩም። የሚቆጥረው መዝገቡ ነበር።

ማክሰኞ

ቦሌ ላይ ሁለቱን ነጭ ጨርቆች፣ ኢሕራሙን፣ ለብሼ ተሳፈርኩ። እንዲህ የለበሰ ሰው ነይቶ፣ የዑምራ ጉዞውን በልቡ ወስኖ፣ ከገባ በኋላ ፀጉሩን አይቆርጥም፣ ጥፍሩን አይነካም፣ ሽቶ አይቀባም፣ የዱር እንስሳ አይገድልም። ይህን ሁሉ ቤቴ ሳለሁ አጥንቼዋለሁ። ይሁንና ነይተን ብዙም ሳንቆይ አስተናጋጇ እጅ መጥረጊያ ሶፍት ስታድል ሳላስበው ቀድጄ ፊቴ ጋ ላደርሰው ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት የጅማ እናት እጄን መታ አድርገው ነጠቁኝ።

«ሽቶ አለው ልጄ! ገና ሳትደርስ?»

ልጄ ቢሉኝም በዕድሜ ሳልበልጣቸው አልቀርም። አፍሬ አመሰገንኳቸው። እስክንወርድም ድረስ እጄን በዓይናቸው ሲጠብቁ ነበር።

ጅዳ ስንደርስ ቀትር ነው። የአፋርን ሙቀት አውቀዋለሁ፤ ወጥመድ ስንዘረጋ ስንት ሳምንት ከርሜበታለሁ። የአፋሩ ደረቅ ነው፣ ያነድዳል፣ ጥላ ስታገኝ ይተውሃል። የጅዳው እርጥብ ነው፤ ጥላም ውስጥ ተከትሎህ ይገባል። የሟች ወንድሜ ልጅ ሰይድ በር ላይ ጠበቀኝ። አገር ቤት ትቼው የሄድኩት ከሲታ ልጅ ትከሻው ሰፍቶ፣ ግንባሩ ላይ መስመር አውጥቶ አገኘሁት። በሹፌርነት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለው፤ ከፊሉ፣ ዋስ የሆነው አሠሪው፣ ደህና ሰው ነው ይላል። አጎቱ ለዑምራ እንደሚመጣ ሲነግረው ፒካፑን ለአራት ቀን ለቆለታል።

ማደሪያችን ሩዋይስ የሚባል ሰፈር ነበር። ሰይድ ከአራት የወሎ ልጆች ጋር በሚኖርበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሩዝ በዶሮ አቀረቡልኝ፤ ከሰሐን የሚበልጥ ታሚስ የሚባል ዳቦም ነበር። እየበላን ሁሉም ስለ አገር ዝናብ ነው የጠየቁኝ። ዘንድሮ ሐምሌ እንዴት ነበር? ወንዙ ሞላ? ብቸኛውን አልጋ፣ ሙከይፍ ከሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ ሥር ያለውን፣ ለእኔ ለቀቁ። የዚያ ማሽን ብርድ የጓሳን ተራራ ጎሕ አስታወሰኝ። በኢሕራም ደግሞ ወንድ ራሱን አይከናነብም። «ትንሽ በረደኝ» አልኩና ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ማሽኑ ጠፍቷል፤ አምስቱም ልጆች ላባቸው ፍራሹን አርሶት ተጋድመዋል። አጥፍተውልኝ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ነው ያነጉት።

ረቡዕ

ቁርስ ፉል በልተን ወደ መካ ወጣን። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መሪ የሚይዝ ሰው እንዴት እንደሚጨነቅ ለሚያውቅ፣ እዚህ ሹፌሩ የሚታገለው ከእንቅልፍ ጋር ብቻ ነው። ባሕራ የምትባል ከተማ ስንደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ሰይድ «በንሸር» ወደሚሉት ቤት አዞረ፤ እኛ ጎሚስታ የምንለው ነው። ሠራተኛው ፓኪስታናዊ ነበር። በር ላይ አንድ ሽማግሌ የአገሬው በደዊን ሻይ ይጠጣሉ። ለእኔ በርጩማ ስበው ሰጡኝና ተቀምጬ፣ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ አሸዋውን ማራገፍ ያዝኩ።

ሠራተኛው ከአሮጌ ጎማዎች ክምር አንዱን ሲያነሳ ከሥሩ አሸዋ የመሰለ ነገር ተስፈንጥሮ ወጣ። አንዴ ዘለለ፣ ሁለቴ ዘለለ፣ እግሬ ሥር አረፈ።

«ፋር! ፋር!» ሲል ጮኸ ሰይድ፤ በዐረብኛ አይጥ ማለቱ ነው። «አይጥ ነው አጎቴ፣ ይምቱት!»

መታሁት። አይጥ በኢሕራምም ቢሆን ይገደላል፤ ያንን አውቃለሁ። ሐቁን ለመናገር ግን የዚያን ጊዜ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ባለቤቱን አያማክርም።

ጫማውን ሳነሳ በጎኗ ተጋድማለች፤ አልተፈራገጠችም። መጀመሪያ ያየሁት የኋላ እግሯን ነው። እንደ ወፍ እግር ቀጭንና ረጅም፣ ከሥሩ ፀጉር የለበሰ። የፊት እጆቿ ደረቷ ላይ ተሰብስበው ከክብሪት እንጨት አይበልጡም። ጭራዋ ከአካሏ ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ ጥቁርና ነጭ ጎፈር አለ። ዓይኗ ትልቅ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለች በእጄ ገብታ ባታውቅም በሥዕል አውቃታለሁ። አይጥ አይደለችም።

ሽማግሌው ሻያቸውን አስቀምጠው መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ እኔን፣ ነጩን ልብሴን አዩ።

«ጀርቡዕ» አሉ። «ልጅ ሳለን አድነን እንበላት ነበር። ፋር አይደለችም። አንተ ደግሞ ኢሕራም የገባህ ሙሕሪም ነህ።»

ሰይድ ተረጎመልኝ፤ መተርጎም ግን አላስፈለገም ነበር። ትንሽ ቆይቶ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኸላስ አጎቴ፣ አይጥ ብለን መታናት፣ አይጥ ናት። ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔ አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ ያልኩዎት፣ ይምቱ ያልኩት እኔ ነኝ። በኔ ይሁን።»

«እጁ የኔ ነው፣ ሰይድ።»

ከቦርሳዬ ትንሿን የእጅ ሚዛን አወጣሁ። እንደ እስክሪብቶ ቀጭን ናት፤ ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የሰጡኝ ሲሆን የትም ስሄድ አብራኝ ትሄዳለች። ለምን እንደምመዝን ሰይድ ጠየቀኝ። ምናልባት የማውቀው የለቅሶ ሥርዓት ይህ ብቻ ስለሆነ ይሆናል። ሃምሳ አራት ግራም። አካሏ አሥር ሴንቲ ከግማሽ፣ ጭራዋ አሥራ ሰባት፣ የኋላ እግሯ ስድስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ከአካሏ ግማሽ የሚበልጥ እግር ያላት አይጥ የለችም። በአውሮፕላን ትኬቴ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ለአገሬ አንባቢ ለማመሳከር፣ ቤታችን ውስጥ የምትሮጠውን አይጥ ሦስት ታህላለች፤ የጓሳዋን የሣር አይጥ ደግሞ ግማሽ። መዳፍ ላይ ስትያዝ ግን ቀለል ትላለች፤ ከእግርና ከጭራ በቀር ምንም የሌላት ይመስል።

ከግራር ቁጥቋጦ ሥር ቀበርናት። ጉድጓዱን የቆፈረው ሰይድ ነው። ጎሚስታው ጎማውን ጨርሶ ሲያየን ምን እየቀበርን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ብቻ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በጆግ አምጥቶ አፈሰሰልን።

መካ ገብቼ ካዕባን ሳየው አለቀስኩ። ሁሉም ሰው ያለቅሳል፤ እኔ ግን የማለቅሰው ለየትኛው እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር። ሰባት ዙር ዞርኩ። በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሦስተኛው ምልልስ ላይ ጉልበቴ እምቢ ሲል አንድ የማላውቀው ወጣት፣ ከየት አገር እንደሆነም እንጃ፣ ክንዴን በክንዱ አስገብቶ እስከ መጨረሻው አብሮኝ ሄደና ዞር ስል ጠፋ። ፀጉሬን ተላጭቼ ከኢሕራም ወጣሁ።

ከዚያ የሐጃጆች ጥያቄ ወደሚመለስበት ክፍል ሄድን። መልስ ሰጪው ጢሙ ገና ያልሸበተ ሼኽ ነበር። ሰይድ እየተረጎመ ነገርኩት።

«ጀርቡዕ መሆኗን እርግጠኛ ነህ?»

ትኬቱን አሳየሁት። ቁጥሮቹን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ሥራዬን ስነግረው ፈገግታውን ተወው።

«የቀደሙት የወሰኑት አለ» አለኝ። «ጡት የተወች፣ ሣር መቀንጠብ የጀመረች፣ አራት ወር ገደማ የሆናት የፍየል ግልገል። እዚሁ በመካ ቅዱስ ክልል፣ ሐረም ውስጥ፣ ትታረድና ለዚሁ ድሆች ትሰጣለች። አንተ አትቀምሳትም። ወይም በግምቷ እህል ታበላለህ፣ ወይም ትጾማለህ። ምርጫው ያንተ ነው።»

«አይጥ መስላኝ ነው። ተሳስቼ ነው።»

«ስህተትህ ኃጢአቱን ያነሳልህ ይሆናል» አለ፤ «ነፍሷን ግን አይመልስም።»

እኔ ዐሊም አይደለሁም፤ እንዲህ ያለ ያጋጠመው የራሱን ሼኽ ይጠይቅ። ለእኔ የተባለውን ነው የጻፍኩት። ግልገሏን መረጥኩ።

ሐሙስ

ሰይድ ወደ ከብት ገበያ ወሰደኝ። የኛ አገር ገበያ ቢሆን ሻጩ በሬውን ከነ ዘሩ ያወራልሃል፤ እዚህም ያው ነው፣ ቋንቋው ብቻ ይለያል። ሱዳናዊው ነጋዴ ግልገል እንደምፈልግ ሊገባው አልቻለም። ትልቅ ሙክት ጎትቶ አመጣ። «ሐጂ፣ ይሄ ነው ሥጋ! ያቺ ምን አላት?» ሰይድ ምክንያቱን ሲነግረው ሙክቱን ለቆ፣ ራሱ በረት ገብቶ፣ አንዲት ቡናማ ግልገል ታቅፎ ወጣ። ጡት መተዋን ለማሳየት ሣር አቀረበላት፤ በላች። እኔም አቀፍኳት። አሥራ ሁለት ኪሎ ገደማ ናት፤ እጄ አይሳሳትም። ከሁለት መቶ ጀርቡዕ በላይ ማለት ነው፣ በአንዲቷ ፈንታ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግራም ስጽፍ ከቁጥሩ ጎን ሌላ ዓምድ ኖሮ አያውቅም።

ቄራ ከታረደች በኋላ ሥጋውን ወደ እትዬ ዘይነባ ቤት ወሰድነው። እትዬ ዘይነባ የቦረና ወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው እዚያው መካ ሞተው፣ እሳቸው ባሏቸው ሁለት ክፍሎች ውስጥ ሥራ ያጡና የታመሙ የአገር ልጆችን ያስጠጋሉ። ያን ዕለት አምስት ሴቶች ነበሩ። «ለሚስኪኖች ነው» ብሎ ሰይድ አስረከበ፤ ዝርዝሩን አልተናገረም። እሳቸውም ቀቅለው፣ ሩዝ ላይ ገልብጠው፣ ሳንበላ እንደማንወጣ በአላህ ስም አስማሉን።

ከበን ተቀመጥን። እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ የጠቀለሉት ለእንግዳው ነበር። ጉርሻው አፌ አጠገብ ደረሰ። ራሴን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«በሞቴ» አሉ።

«አይሆንልኝም እህቴ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፊታቸው ተለወጠ። «እጄን ተጸየፍከው?»

እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መብላቱን አቆመ። ወሎ ተወልዶ ጉርሻ የሚመልስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ስለዚህ ነገርኳቸው፣ ከጎሚስታው ጀምሬ። ስጨርስ እትዬ ዘይነባ «ሱብሐን አላህ» ብለው ጉርሻውን ዝቅ አደረጉ። ከወደ ጥግ ሳቅ ተሰማ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

የሳቀችው ሞሚና የምትባል የሐይቅ ልጅ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ግራ ክንዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በቀኟ ነበር የምትበላው።

«አይቀየሙኝ አባባ» አለች። «ለአንዲት አይጥ ግልገል ይታረዳል። እኔ መስኮት ስወለውል ከመሰላል ወድቄ ክንዴ ሲሰበር፣ ማዳም ፋሻ ገዝታ ጠቀለለችልኝና ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ፣ መለሰችኝ። ኸላስ። እንዴት ሆንሽ ያለኝ የለም።»

ክንዷን ከፍ አደረገችው። ከክርኑ በታች የገጠመው ጠምሞ ነው። አጥንት የኔ ሥራ ስለሆነ፣ ማንም ሳያቃናው እንደዳነ ወዲያው ገባኝ። ፓስፖርቷ ጅዳ፣ ኦብሑር በሚባል ሰፈር፣ ማዳሟ ቤት ቀርቷል። ያለ እሱ አገሯ መግባት አልቻለችም። ብቻዋን ሄዳ እንዳትጠይቅ ደግሞ ፈርታለች።

እትዬ ዘይነባ ያችኑ ጉርሻ አንስተው ለሞሚና አጎረሷት። ለእኔ ዳቦና ተምር መጣልኝ።

ዓርብ

ወደ ጅዳ ስንመለስ የመጨረሻውን ቀን ሰይድ ባሕር ሊያሳየኝ አስቦ ነበር፤ ባሕሩ ያለው ደግሞ ኦብሑር ነው። ጠዋት ከመካ ልንነሳ ፒካፑ ጋ ስንደርስ ሞሚና ከነጥቁር ዓባያዋ መኪናው በር ላይ ቆማ አገኘናት። ሰይድ ዓይኔን አየ። የእሱን ጭንቀት አውቃለሁ፤ የሰው ቤት በር አንኳኩቶ ጠብ ቢነሳ ስሙ ከፊሉ ጆሮ ይደርሳል። አሥር ዓመት የደከመበት ኢቃማ ነው። ምንም አልጠየቅኩትም።

«ያላ፣ ግቢ» አላት።

ኦብሑር ነጫጭ ቪላዎችና ረጃጅም አጥሮች ናቸው። ባሕሩ በአጥሮቹ መካከል ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ይታያል። ከቤቱ ፊት ስንቆም ሞሚና ከመኪናው አልወረደችም። ደወሉን የደወለው ሰይድ ነው።

የከፈቱት የማዳሟ አባት ነበሩ፤ በዱላ የሚሄዱ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ። ልጃቸው እንደሌለች ነገሩን። ምን እንደምናገር ሳላውቅ ቆምኩ። ክስ ልናገር ብል ቋንቋውም ዳኝነቱም የለኝም። ያለኝ አንድ ወሬ ብቻ ነበር። እሱኑ ነገርኳቸው፦ ለዑምራ መጥቼ፣ ባሕራ ላይ ጀርቡዕ ገድዬ፣ ሃምሳ አራት ግራም መዝኛት፣ ትናንት በእሷ ፈንታ ግልገል እንዳሳረድኩ። ሰይድ ቃል በቃል ተረጎመ። ሽማግሌው ፍርዱ ትክክል ነው ለማለት ይመስላል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሰይድ፣ እኔ ያላልኩትን፣ ከራሱ ጨመረ፤ ኋላ ነው የነገረኝ።

«አባቴ፣ መኪናው ውስጥ ያለችው ልጅ ክንዷ የተሰበረው እዚህ ቤት ነው።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ወደ መኪናው አዩ። «ወድቃ መሄዷን ሰምቻለሁ» አሉ። «መሰበሯን ግን አልነገሩኝም።» ገብተው ቆዩ። ሰይድ ቁልፉን እያሽከረከረ መንገዱን ይቃኝ ነበር። ሲመለሱ ፓስፖርቱን ይዘዋል። ለእኔ አልሰጡኝም፣ ለሰይድም አልሰጡትም። ዱላቸውን እየተመረኮዙ እስከ መኪናው ሄደው በመስኮቱ አቀበሏት። ክንዷን እንድታሳያቸው ጠየቋት። አሳየቻቸው። በጣታቸው ጫፍ ነክተው እጃቸውን መለሱ።

«ይቅር በይን፣ ልጄ» አሉ።

ሞሚና ፓስፖርቱን ደረቷ ላይ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በጥሩ ዐረብኛ፣ መለሰች። ሰይድ ሞተር ሲያስነሳ ተረጎመልኝ፦

«ክንዴ ሲድን እነግርዎታለሁ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። እስክንታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

በማግሥቱ ወደ አገሬ በረርኩ። ሞሚና ወረቀቷን ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀባት፤ እየተመላለሰ ያደረሳት ሰይድ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ደወለችልኝ። ደሴ ሐኪም አይቷት፣ አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ መገጠም አለበት ብሏታል፤ ቀኑም ተቆርጧል። ሽማግሌው ስለሚጠብቁት መልስ መጠየቅ ከብዶኝ ስንተባተብ ገባት።

«ገና ነው፣ አባባ» አለችኝ።